ሳይበላሹ የሞቱ ሳጥኖች

ማርች 9 ቀን 2025 እሑድ ነበር። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ማሽኖቹም የሚቆጥሩት በዚያው ነው።) ቲቪ ጀርባ ተሰክቶ ለዓመታት ያለ ምንም ኮሽታ ሲሠራ የኖረ አንድ ትንሽ ክብ ዕቃ፣ በብዙ አገር በአንድ ቀን እምቢ አለ። ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት ነው፤ ጉግል በ2015 ያወጣው፣ ስልካችን ላይ የከፈትነውን ቪዲዮ ቲቪው ላይ የሚያጫውትልን። ስልኩ ዕቃውን ያየዋል፤ ሊገናኘው ሲል ግን ይኼ ዕቃ አይታመንም ይላል። ሰዎች ምን እንዳደረጉ መገመት አይከብድም። ነቅለው ሰኩት። ራውተሩን አጥፍተው አበሩት። ተስፋ የቆረጡት ደግሞ ፋብሪካ ሪሴት አደረጉት፤ ይኼኛው ነገሩን ጭራሽ አባሰው። ጉግል ራሱ እባካችሁ ሪሴት አታድርጉ እስከማለት ደረሰ።

ምክንያቱ ሲታወቅ የሚያስቅም የሚያናድድም ሆነ። እያንዳንዱ ክሮምካስት ውስጥ እውነተኛ የጉግል ዕቃ መሆኑን የሚመሰክር ዲጂታል ሰርተፊኬት አለ። እንደ ቀበሌ መታወቂያ አስቡት። መታወቂያው ብቻውን አይበቃም፤ ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተሙን የሚመታው ቢሮም ሥልጣን የሰጠው የበላይ አለው። ስልኩ ይህን ሰንሰለት እስከ ላይ ድረስ ይፈትሻል። መሐል ላይ ያለው ሰርተፊኬት፣ ማለትም የባለማኅተሙ ቢሮ፣ በ2015 ሲሠራ የተሰጠው ዕድሜ 10 ዓመት ነበር። 10 ዓመቱ በዚያ እሑድ ሞላ። በቃ፣ ይኼው ነው። ዕቃው ላይ አንድም ሽቦ አልተቃጠለም። እንዲያውም አንዳንድ ሰዎች አንድሮይድ ስልካቸው ውስጥ የተደበቀ አንድ ማስተካከያ ፈልገው ፍተሻውን ሲያስዘልሉት ክሮምካስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ መጫወት ጀመረ። ጉግል በዚያው ሳምንት ማስተካከያ መልቀቅ ጀመረ፤ ሪሴት ያደረጉት ግን ከሌላው ሰው በላይ ጠበቁ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ሌላው ሰው ስለ ጉግል ስንፍና ሲያወራ፣ እኔ የማስበው ያን ጊዜ ኪቦርድ ፊት ተቀምጦ "10 ዓመት" ብሎ የሞላውን ሰው ነው። በእኛ ሙያ 10 ዓመት ዘላለም ነው። ያ ሰው በ35 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ 2025ን ያያል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ሰዉ ግን ቲቪን እንደ ስልክ አይቀያይርም። የሠሪው ዓመትና የገዢው ዓመት እኩል አይረዝሙም፤ የነዚህ ሳጥኖች ታሪክ ከሞላ ጎደል በዚህ ልዩነት ውስጥ የተፈጠረ ነው።

በድሮው ቴሌቪዥን ዘመን ጉዳዩ የተያዘበት መንገድ አሁን ላይ ሆኖ ሲታይ ይገርማል። በ1953 አሜሪካ የቀለም ስርጭት ደረጃዋን ስታጸድቅ በየቤቱ ያለው ጥቁርና ነጭ ቲቪ ነበር። ኢንጂነሮቹ አዲሱን ስርጭት የነደፉት አሮጌው ቲቪም እንዲቀበለው አድርገው ነው፤ ቀለሙን አያሳይም እንጂ ምስሉን ያሳያል። የቀለሙ ምልክት ከድምፁ ጋር እንዳይጋጭ ሲሉ በሰከንድ 30 የነበረውን የምስል ብዛት ወደ 29.97 አወረዱት። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ሰዎች ያቺን የተረገመች ቁጥር ታውቋታላችሁ። ከየት እንደመጣች ግራ ሲገባችሁ ለኖራችሁ፣ የዚያን ዘመን ሰው ቲቪ ላለመግደል የተከፈለች ዋጋ ናት። ዛሬም ድረስ እየከፈልናት ነው። በኋላ አውሮፓ ውስጥ የተሠራው፣ እኛም አገር ያገለገለው ፓል እንዲሁ ከጥቁርና ነጩ ጋር ተስማምቶ እንዲኖር ተደርጎ ነው የተሠራው።

የስትሪሚንግ ሳጥን ሲመጣ ውሉ ተቀየረ። ኔትፍሊክስ በጃንዋሪ 2007 ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር የሚታየው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሳሎን ለመግባት በራሱ ቤት ውስጥ አንድ ሳጥን ያሠራ ጀመር። ሥራውን የያዘው አንቶኒ ዉድ ነው፤ ሮኩ የሚባል የራሱ ኩባንያ የነበረው ሰው። (ሮኩ በጃፓንኛ ስድስት ማለት ነው፤ ስድስተኛ ኩባንያው ስለሆነ።) ሳጥኑ ሊወጣ ጫፍ ሲደርስ የኔትፍሊክሱ ሪድ ሄስቲንግስ ሐሳቡን ቀየረ። እኔ ራሴ ዕቃ ከሸጥኩ ሌሎቹ ዕቃ ሠሪዎች እንደ ተቀናቃኝ ያዩኛል ብሎ ሰጋ፤ ፕሮጀክቱም ወደ ሮኩ ሄደ። በሜይ 2008 በ99.99 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ። ሃርድ ዲስክ የለው፣ ዲቪዲ ማስገቢያ የለው። ግማሽ አካሉ ቲቪ ሥር ተቀምጧል፤ ግማሹ አይታችሁት የማታውቁት ሰርቨር ላይ ነው። ገዢው የከፈለው ለአንደኛው ግማሽ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የጅምላ ቀብር የመጣው ኤፕሪል 2015 ላይ ነው። አፖች ከዩቲዩብ ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ማለትም ኤፒአይ፣ ሁለተኛው ቨርዥን ተዘጋና ሁሉም ወደ ሦስተኛው እንዲሻገር ሆነ። አፕዴት የሚደርሰው ተሻገረ። የማይደርሰው፣ ለምሳሌ በ2012 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የሶኒና የፓናሶኒክ ቲቪዎች፣ ሁለተኛው ትውልድ አፕል ቲቪም፣ እዚያው ቀረ። ሰዎች ዩቲዩብን ሲከፍቱ ዕቃችሁ ከእንግዲህ አያገለግልም የሚል ቪዲዮ ጠበቃቸው። ራሱ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀ መርዶ። የሦስት ዓመት ቲቪ እኮ ነው! እኛ ቤት የሦስት ዓመት ቲቪ ገና ፕላስቲኩ አይላጥም።

ከአራት ዓመት በኋላ ተራው የሮኩ ሆነ፤ ሞቱም የመጣው ከወለደው ከኔትፍሊክስ ነው። በዲሴምበር 2019 ኔትፍሊክስ ከመጀመሪያዎቹ የሮኩ ሞዴሎችና ከአንዳንድ የ2010 እና የ2011 ሳምሰንግ ቲቪዎች ላይ ጠፋ። ኩባንያው የቴክኒክ ውስንነት ከማለት ብዙም አልጨመረም። በጊዜው የተዘገበው ምክንያት ፊልሙ የሚቆለፍበት ዘዴ ነው። ፊልም በኢንተርኔት የሚመጣው ተቆልፎ ነው፤ መክፈቻው ሳጥኑ ውስጥ አለ። የድሮዎቹ ሳጥኖች የያዙት የማይክሮሶፍትን አሮጌ ቁልፍ፣ ዊንዶውስ ሚዲያ ዲአርኤምን ነው። ኔትፍሊክስ ከጊዜ በኋላ ፕሌይሬዲ ወደተባለው አዲሱ ዞሯል። በሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር ሲቀየር የድሮው ቁልፍ የያዘ ሰው ውጭ ይቀራል። አዲሱን ቁልፍ ልስጣችሁ ቢባሉስ? ሮኩ የነዚያን ሞዴሎች ሶፍትዌር ቨርዥን 3.1 ላይ ካቆመው ቆይቶ ነበር።

በኔ አስተያየት ከሁሉም የሚሻለው ሰበብ ይኼኛው አይደለም፤ የኤፒአዩም አይደለም። የሰርተፊኬቱ ነው፤ ቢያንስ የሚጠብቀው ነገር አለ። ጊዜው የማያልፍ ሰርተፊኬት አንዴ ከተሰረቀ ለዘላለም የሌባ ነው። ችግሩ ቀኑ መኖሩ ላይ ሳይሆን ቀኑ ሲደርስ የሚያድስ ሰው አለመመደቡ ላይ ነው። ሜይ 30 ቀን 2000 የተፈረመ አድትረስት የሚባል የሥር ሰርተፊኬት ነበር፤ የ20 ዓመት ዕድሜ ነበረው። ሜይ 30 ቀን 2020 ሲሞላ ሮኩ ላይ ያሉ ቻናሎች መከፈት አቃታቸውና ተጠቃሚዎች በእጃቸው አፕዴት እንዲያደርጉ ተነገራቸው። 20 ዓመት ሙሉ ቀኑ እየታወቀ!

ብዙ ሰው ሳጥን የሚያረጀው በምስል ጥራት ይመስለዋል፤ ፎርኬ ስለማያሳይ። እውነት ነው፣ ቪዲዮ የሚፈታው ክፍል ቺፑ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ በአፕዴት አይጨመርም። ኤች.264 በ2003፣ ቪፒ9 እና ኤችኢቪሲ በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 ወጡ፤ የ2010 ሳጥን የመጀመሪያውን እንጂ የኋለኞቹን አያውቃቸውም። ግን በዚህ የሞተ ሳጥን ብዙ አላውቅም። ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ አንዱን ቪዲዮ በተለያየ አጨማመቅ ደጋግመው ያስቀምጡታል፤ ለአሮጌው የሚገባውን ይልኩለታል። ኔትፍሊክስ በኖቬምበር 2021 ኤቪ1ን ወደ ቲቪዎች መላክ ሲጀምር ኤች.264 ሥራውን ቀጠለ። ገዳዩ ከዚያ ይልቅ አሰልቺ ነገር ነው፦ ፍተሻ። አንድን አሮጌ ሞዴል መደገፍ ማለት በያንዳንዱ አፕዴት ያንን ሞዴል ከመደርደሪያ አውርዶ መሞከር፣ በትንሽዬ ሚሞሪው ውስጥ አፑ እንዲበቃ መጨቃጨቅ ማለት ነው። የዚያ ሞዴል ተጠቃሚ ቁጥር በየወሩ ይቀንሳል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ቁጥሩን ስክሪን ላይ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቃላችሁ።

ወደኛ አገር እነዚህ ሳጥኖች የሚመጡት በሻንጣ ነው። አክስቴ ከቨርጂኒያ የመጣች ጊዜ አንድ ሳጥን ይዛልኝ መጣች። "ልጆቹ ሌላ ገዝተው ነው፤ ይኼ ምንም አልሆነም" አለችኝ። ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ ሪሞቱ ሠራ፣ ዋይፋይ ያዘ። ከዚያ አንድም አፕ አልከፈት አለ፤ ክብ ምልክቷ ዝም ብላ ትዞራለች። አክስቴ ሶፋው ላይ ሆና ስታይ ቆይታ፣

"በሻንጣ ሳመላልሰው ሰበርኩት እንዴ?" አለች።

"አልተሰበረም እትዬ። የሚያነጋግረው ሰው ጠፍቶ ነው።"

"እንደኔ በለኛ።"

ያን ቀን ጠዋት ካዛንቺስ የድሮ ጎረቤቶቿን ፈልጋ ሰፈሩ ፈርሶ ጠብቋት ነበር። ሻይ አፈላሁላት። ማታ ያየነው ፊልም ከሰፈር ሱቅ በፍላሽ ያስጫንኩት ነው፤ ቲቪው ላይ ሰክተን እስከ መጨረሻው አየነው። ፍላሽ ላይ ያለ ኤች.264 ፋይል ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። (የፊልም ሠሪዎቹ መብት ሌላ ጣጣ ነው፣ አውቃለሁ። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ሕግም መምጣት ጀምሯል። ብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የቤት ዕቃ ሠሪዎች የደህንነት አፕዴት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጡ ለገዢው እንዲናገሩ አስገድዳለች። ምን ያህል ጊዜ መስጠት እንዳለባቸው ግን አልወሰነችም። ሁለት ዓመት ብለህ መጻፍ ትችላለህ፤ ዋናው መጻፍህ ነው። እኔ ግን ይህችም ትንሽ ናት አልልም። የወተት ካርቶን ላይ ያለች ቀን ቲቪ ካርቶን ላይ ብትጻፍ ስንቱ ሰው ዋጋ ሊከራከር እንደሚችል አስቡት። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ሕግ ከዚህ ይጠነክራል፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በዲሴምበር 2027 ነው።

ከነዚህ ሁሉ ሳጥኖች እኔ የምወደው የመጀመሪያውን አፕል ቲቪ ነው። በማርች 2007 በ299 ዶላር ወጣ። ብዙም አልተሸለመም፤ ሲሠራ ይግላል፣ ውድ ነው። ሲከፈት ግን ተራ ኮምፒውተር ነው፦ 1 ጊጋኸርዝ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ሚሞሪ፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ትንሽ የተከረከመ ማክ ኦኤስ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ በ99 ዶላር፣ አነስ ያለ፣ ዲስክ የሌለው፣ የስልክ ቺፕ የያዘ ሆነ፤ ዓለም በሙሉ በዚያ መንገድ ሄደ። አፕል ሜይ 25 ቀን 2018 የደህንነት ለውጥ አድርጎ የመጀመሪያውን ከአይቲዩንስ መደብር አስወጣው።

በዚያን ጊዜ ግን ትርፍ ሰዓት ያላቸው ሰዎች ሊኑክስ ጭነውበት ከቆዩ ዓመታት አልፈው ነበር። በዩኤስቢ ሌላ ሲስተም ማስነሳት ይቻላላ! ኮዲ የሚባለውን ነፃ የፊልም ማጫወቻ አስገቡበት። ፕሮሰሰሩ ለ1080 ሲያንስባቸው ክዳኑን ፈተው የዋይፋይ ካርዱን ነቀሉ፤ በቦታው ክሪስታል ኤችዲ የምትባል የብሮድኮም ቪዲዮ መፍቻ ካርድ ሰኩ። ኢንተርኔቱን በኬብል አደረጉት። ሙቀቱ ግን አሁንም አልቀነሰም፤ ላዩ ላይ ድመት ብታስተኙ ደስ ይላታል።