የአብራሪዎች ድንገተኛ የጤና እክልና የበረራ ደኅንነት

አንድ አብራሪ በበረራ ላይ ሳለ በልብ ሕመም፣ በኦክስጅን እጥረት፣ በምግብ መመረዝ ወይም በሌላ እክል ተግባሩን ማከናወን ሲሳነው ከአቅም ውጭ እንደሆነ ይቆጠራል። ሁኔታው ሁለት መልክ አለው። አብራሪው ራሱን ሲስት በግልጽ ይታያል፤ መሪውን እንደያዘ ማስተዋሉን ሲያጣ ግን ረዳቱ በቀላሉ ስለማይለየው ይበልጥ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው መልክ በኢትዮጵያ አቪዬሽን ታሪክ አከራካሪ ሆኖ ተነሥቷል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም ከቤሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተከስክሶ 82 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ሕይወታቸው አልፏል። በጥር ወር 2004 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሊባኖስ የምርመራ ሪፖርት፣ ዋና አብራሪው ከአቅም ውጭ ከመሆን ጋር የሚመሳሰል ሁኔታ ላይ እንደደረሱና ረዳታቸውም ተገንዝበው ጣልቃ እንዳልገቡ አመልክቷል። በ51 ቀናት ውስጥ 188 ሰዓት መብረርም ለድካም ሊዳርግ እንደሚችል ጠቅሷል። አየር መንገዱ በበኩሉ ሪፖርቱ በማስረጃ ያልተደገፈ ነው በማለት ውድቅ አድርጎ፣ አውሮፕላኑ በአየር ላይ በፍንዳታ ሳይበታተን እንዳልቀረ አስታውቋል።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ አደጋዎች ደርሰዋል። ሰኔ 11 ቀን 1964 ዓ.ም ለንደን አቅራቢያ 118 ሰዎች በሞቱበት አደጋ የዋናው አብራሪ የልብ ሕመም በምክንያትነት ተጠቅሷል። ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም ግሪክ ውስጥ በተከሰከሰው የሄሊዮስ አውሮፕላን 121 ሰዎች የሞቱት አብራሪዎቹ በኦክስጅን እጥረት ራሳቸውን በመሳታቸው ነበር።

የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን በከፍታ ሲበር የውስጡ የአየር ግፊት ከ2 ሺህ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። ይህም ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ከምትገኘው ከደጀን ከተማ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። አብዛኞቹ ቀላል አውሮፕላኖች ግን ይህ መሣሪያ የላቸውም። ከሁሉም በላይ ብዙዎቹ የሚበሩት በአንድ አብራሪ በመሆኑ፣ እርሱ ከታመመ መሪውን የሚረከብ ሌላ ባለሙያ አይኖርም።

በዚህም ምክንያት የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ አብራሪዎች በየጊዜው የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ የዕድሜ ጣሪያው ብቻውን ለሚያበር 60፣ ከሌላ አብራሪ ጋር ለሚሠራ 65 ዓመት ነው። ሁለት አብራሪዎች ባሉበት በረራ አንደኛው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ተገቢውን ምላሽ ካልሰጠ ሌላው ወዲያውኑ መሪውን እንዲረከብ ይሠለጥናል።