ከዱቄት የተሠራ ድንጋይ

ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሪቨርዴል ፓርክ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ከ1801 እስከ 1807 ከተገነባው የሪቨርስዴል ቤት ነው። ግንባታውን ከአንትወርፕ የመጣው ሄንሪ ስቲር ጀመረው፤ ልጁ ሮዛሊና ባሏ ጆርጅ ካልቨርት ጨረሱት። በርስቱ ላይ የሚለፉት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ቤቱ ከሩቅ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ግድግዳው ልስን የለበሰ ጡብ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በዚያው አካባቢ ማድ ቤቱን የሚያድስ ሰው የሚመርጠውም ሌላ ነገር የሚመስል ነገር ነው። እብነ በረድ ያምራል፤ ነገር ግን ሎሚና ኮምጣጤ ይበላዋል፣ እርድና የቁሌት ዘይት ሰርጎ ይገባበታል። የሐበሻ ማድ ቤት ደግሞ ያለ እርድና ያለ ቁሌት አይውልም። ስለዚህ ብዙው ሰው ነጭ መልኩንና ግራጫ ሥሩን የቀዳውን፣ በፋብሪካ የተሠራውን ኳርትዝ ያስገጥማል።

የእኛ ቋንቋ ለእውነተኛው ድንጋይ የሰጠው ስም ራሱ ማመሳሰል ነው። በግእዝ እብን ድንጋይ ነው፤ በረድም ያው ከሰማይ የሚወርደው። ስሙ የሚነግረን የድንጋዩን ባሕርይ ሳይሆን መልኩን ነው። መልኩን ለማግኘት ድንጋዩ የግድ እንዳልሆነ የገባቸው ግንበኞችም ጥንትም ነበሩ። በላስታ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ ድንጋዩ ነጭ ልስን ስለለበሰ በጨለማው ውስጥ ያበራል።

ጣሊያኖች ይህን ጥበብ ወደ ማታለል አደረሱት። ስካሊዮላ የሚሉት ዘዴ የጄሶ ዱቄትን ከሙጫና ከቀለም ጋር አቡክቶ፣ ሲደርቅ እየፈገፈጉ እንደ እብነ በረድ ማንጸባረቅ ነው። (ጄሶ የሚለውን ቃላችንን ያገኘነው ከእነሱ ነው።) ቬኒስ ውስጥ ደግሞ ከጠራቢ እጅ የወደቀውን ፍርፋሪ በማያያዣ አጣብቀው ወለል አደረጉት፤ ቴራዞ ተባለ። በአዲስ አበባ የድሮ መሥሪያ ቤቶችን ደረጃ የወጣ ሰው ቴራዞን በእግሩ ያውቀዋል።

ከሪቨርዴል ፓርክ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት ማይል ሲኬድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆን ጆሴፍ ኧርሊ እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 ያሠራቸው አምስት ቤቶች በኮልስቪልና በሰዘርላንድ መንገዶች ላይ አሁንም አሉ። ኧርሊ ቀለም ያላቸውን ድንጋዮች ሰባብሮ ከሲሚንቶ ጋር ይቀላቅልና፣ ኮንክሪቱ በደንብ ሳይጠነክር ላዩን ጠርጎ ፍርፋሪውን ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 የተጠናቀቀው የዋሽንግተኑ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ግድግዳም የእሱ እጅ ነው። የኧርሊ ሥራ የሚያስደስተው ፍርፋሪውን ፍርፋሪ ነኝ እንዲል መተዉ ነው፤ ከኳርትዙ ይልቅ ሐቀኛ ነው።

ኳርትዝ የተወለደው እንደገና ጣሊያን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በማርቼሎ ቶንቼሊ የተመሠረተው የብሬቶን ኩባንያ የድንጋይ ዱቄትን ከሙጫ መሰል ሬዚን ጋር ደባልቆ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ እያንቀጠቀጠ የሚጨምቅ ማሽን ሠራ። በዚህ ዘዴ ከሚወጣው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘጠኝ አስረኛ ያህሉ ኳርትዝ ነው። ቆሻሻ አይመጥም። ከእሳት ጋር ግን አይስማማም፤ ገና ከእሳት የወረደ ጀበና ወይም የጋለ ምጣድ ቢቀመጥበት ሬዚኑ ተቃጥሎ የማይለቅ ምልክት ሊቀር ይችላል።

ትልቁ ጉዳት ግን ከማድ ቤቱ ውጭ ነው። እብነ በረድ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ዘር ስለሆነ ሲሊካው ጥቂት ነው፤ የግራናይት ከግማሽ በታች ነው፤ የፋብሪካው ኳርትዝ ከ90 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ተቆርጦ የተገጠመው ካውንተር ቤተሰቡን አይጎዳም። ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚነሳው ብናኝ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ያበጃል፤ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት 52 የታመሙ ድንጋይ ቆራጮችን ቆጠረ። 51ዱ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ሲሆን 10ሩ ሞተዋል።

አሜሪካ ይህን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ አላየችውም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዌስት ቨርጂኒያ የሆክስ ኔስት ዋሻ ሲቆፈር፣ ከደቡብ ሥራ ፍለጋ የመጡ ብዙ ጥቁር ሠራተኞች ንጹሕ ሲሊካ ሲተነፍሱ ኖረው በመቶዎች አለቁ። ኮንግረስ ጉዳዩን የሰማው በ1936 ነው፤ የኧርሊ ፓርክ በተጠናቀቀበት ዓመት፣ በዚያው ከተማ። ገጣሚዋ ሚዩሪየል ሩካይዘር በ1938 ያሳተመችውን ተከታታይ ግጥም በጥንት ግብጻውያን «መጽሐፈ ሙታን» ስም ሰየመችው። (ዋሊስ በጅ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ፣ በ1929፣ የእኛን ልፋፈ ጽድቅ «የኢትዮጵያ መጽሐፈ ሙታን» ብሎ በእንግሊዝኛ አውጥቶት ነበር፤ የእኛውም ከሟቹ ጋር ይቀበራል።)

አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፋብሪካውን ድንጋይ ከለከለች። አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድንም ጨምሮ፣ ይሸጣል፤ አንዳንድ አምራቾችም ሲሊካው የቀነሰ ዓይነት ማቅረብ ጀምረዋል። በመሸጫው አዳራሽ ደንበኛው ስለ ሥሩ አወራረድ፣ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ዋጋው ይጠይቃል። ሲቆረጥ መጋዙ ላይ ውሃ ይፈስ እንደሆነ፣ ብናኙ በማሽን ይሳብ እንደሆነ፣ ቆራጩ ምን ዓይነት ጭንብል እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ብርቅ ነው። ውሃው ብቻውንም አይበቃም።