ፎሊ ካቴተር

ፎሊ ካቴተር በጫፉ ባለ ባሉን አማካይነት በሽንት ፊኛ ውስጥ ተይዞ የሚቆይ፣ ሽንት የሚያወርድ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። አሜሪካዊው የሽንት ቧንቧ ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሊ በ1929 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ያቀረበው ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ለማቆም ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱ ለሌላ ፈጣሪ፣ ለፖል ራይች፣ ቢሰጥም መሣሪያው እስከ ዛሬ የሚጠራው በፎሊ ስም ነው።

በተለመደው ካቴተር ውስጥ ካሉት ሁለት መስመሮች አንዱ ሽንት ያወርዳል፣ ሌላው ባሉኑን ይሞላል። ባለ ሦስት መስመሩ ካቴተር ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የረጋ ደም ቱቦውን እንዳይዘጋው ፊኛውን ያለማቋረጥ በጨው ውሃ ለማጠብ ያገለግላል። ባሉኑ ግን የሚሞላው ከጀርም በጸዳ ውሃ ነው፤ ጨው ጠጥሮ ቀጭኑን መስመር ሊደፍን ይችላል። የሚሞላውም ሽንት መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው፤ በሽንት ቧንቧው ውስጥ እያለ ከተነፋ ቧንቧውን ሊቀድ ይችላል።

በኢትዮጵያ ካቴተር ለወሊድ ፊስቱላ፣ ማለትም በአስቸጋሪ ምጥ ምክንያት በፊኛና በብልት መካከል ለሚፈጠር ቀዳዳ፣ ሕክምናም ያገለግላል። እንደ ደባርቅ፣ ዳባትና የስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ገደላማ አካባቢዎች ምጥ ጠንቶባት ሐኪም ዘንድ ዘግይታ የደረሰች እናት ለዚህ ጉዳት ትጋለጣለች። ትንሽና አዲስ ፊስቱላ ካቴተሩ ለሳምንታት ሲቆይ አንዳንዴ ያለ ቀዶ ሕክምና ይዘጋል። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታልም ካቴተር ከጥገናው በኋላ ስፌቱ እስኪጠግግ ፊኛውን ባዶ አድርጎ ያቆያል።