የስድስት ኪሎ አንበሶች

አዲስ አበባ ያደገ ሰው አንበሳ ግቢን አያጣውም። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ «ያውልህ!» ይላል፣ እናት የቆሎ ፌስታሏን ትፈታለች፣ አንበሳው ግን ተኝቷል። (ከግሣቱ ቀድሞ ሽታው እንደሚቀበላችሁ መቼም ታውቃላችሁ።)

ግቢውን ያቋቋሙት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በ1948፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ለሚባል ንጉሥ አንበሳ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ማኅተምም ነበር። በ1974 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አንበሶቹ እዚያው ቀሩ።

ዘውድ የሌለው አንበሳ ግን ቀለብተኛ ነው። በ2006 ቦታና ገንዘብ ስለሌለ ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳ ወጥረው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች እንደሚሸጥ የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ወሬው ዓለምን ዞረ።

በ2012 ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። የጀርመኑን የማክስ ፕላንክ ተቋም ሳይንቲስቶች የጨመረ ቡድን የ15ቱን አንበሶች ዲኤንኤ መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳወቀ። ደረት አልፎ ሆድ የሚደርሰው ጥቁር ጎፈራቸውም ተወራለት። ተመራማሪዎቹ ዘራቸው እንዳይጠፋ እዚያው ግቢ ውስጥ ይራቡ ሲሉ መከሩ።

በመርዝ ያለቁት ደቦሎች እንግዲህ የእነዚሁ ልጆች ነበሩ።