የፕላዝማው ሪሞት

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣

ለታሪክ ይቀመጥ ብዬ የክፍል ፕላዝማ ከነሙሉ ዕቃው እያፈላለግሁ ነው። እዚሁ አዴት፣ አንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ስክሪኑን ከነሳጥኑ አገኘሁት። የሳጥኑ ቁልፍ፣ ዲኮደሩና ሪሞቱ ግን የሉም።

«ዋናው ስክሪኑ አይደል እንዴ?» አሉኝ ንብረት ክፍሉ። አይደለም! ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የገባው ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚመጣ ነበር። ዲሽና ዲኮደር ከሌለ ስክሪኑ ባዶ መስታወት ነው።

ሪሞቱን የምፈልገው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን የሚወስደው የቴሌቪዥኑ መምህር ነበር። በእንግሊዝኛ ይነጉዳል። ስርጭቱ ለመላው አገር አንድ ስለሆነ ሪሞት ይዤም ላቆመው አልችልም፤ ድምፅ መጨመርና መቀነስ ብቻ። «ቲቸር፣ አልገባንም» ስትሉኝ «ቆዩ፣ ሲያልቅ» እላለሁ። ሲያልቅ ደወሉ ይደወላል። መብራት የጠፋ ቀን ጠመኔ ሳነሳ ፊታችሁ እንዴት ይፈካ እንደነበር አልረሳውም።

በሌላ በኩል፣ ቤተ ሙከራ ያላየ የገጠር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ያየው በዚያው ስክሪን ነው። ይህም አይካድም።

ያን ዘመን ለልጆቻችን ስንነግር፣ በእጃችን ይዘነው ማቆም ያቃተንን ነገር ብናሳያቸው ደስ ይለኛል። ሪሞቱን ወይም ዲኮደሩን የት እንዳለ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ባይሠራም ግድ የለም።