የንግሥና ስያሜዎች ሥርወ ቃልና የታሪክ ትምህርት በራያ ቆላ

በቆቦና በራያ ቆላ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ መምህር «ኩዊን» የሚለውን ቃል «ንግሥት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ተማሪውም እንዲሁ ይይዘዋል። ትርጓሜው ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ቢሆንም ለታሪክ ትምህርት ግን እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የቃላቱን ሥር ስንመረምር «ኪንግ» ወገንንና ዘርን ከሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ጋር ይዛመዳል። «ዲዩክ» መሪ፣ «ፕሪንስ» ደግሞ ቀዳሚ ከሚሉ የላቲን ቃላት የወጡ ናቸው። «ኩዊን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሴት ወይም ሚስት ማለት ነበር። ዛሬም በራሷ ሥልጣን የነገሠችውም ሆነች የንጉሥ ባለቤት የሆነችው በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ።

የእኛ ቋንቋ ግን ሁለቱን ይለያል። «ንግሥት» የሚለው «ነግሠ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን መንገሥን ያመለክታል። «እቴጌ» ግን የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ማዕረግ ነው። ስለዚህም ጣይቱ ብጡል በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ፤ ዘውዲቱ ምኒልክ ግን በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሁለቱንም «ኤምፕረስ» ይሏቸዋል።

ልዩነቱ ከራያ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የዘውዲቱም ባለቤት ነበሩ። እቴጌ በባሏ ዘውድ ትከብራለች፤ የነገሠች ሴት ባል ግን የሥልጣን ጥያቄ ያስነሣል። በመሆኑም ዘውዲቱ ሲነግሡ ከራስ ጉግሣ እንዲለያዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም በጌምድርን እየገዙ ከቤተ መንግሥቱ ራቁ። ከ1921 ዓ.ም. ወዲህ ራያና አዘቦ በሸፈተ ጊዜ አመፁን እንዲያበርዱ ታዘዙ፤ ነገሩ ግን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ወደ መጣላት አመራ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

ሁለቱን ማዕረጎች ያልለየ ተማሪ ባልና ሚስቱ ለምን እንደተለያዩ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ የእንግሊዝኛና የታሪክ መምህራን የማዕረግ ስሞችን በጋራ ቢያስተምሩ፣ መርሐ ትምህርት አዘጋጆችም ከትርጉሙ ጎን የቃሉን ሥርና የባለማዕረጉን ሥልጣን ቢያስቀምጡ ይበጃል። የራያ ልጅ የአገሩን ታሪክ በባዕድ ቃል ቢያነብም፣ በራሱ ቋንቋ ሚዛን መዝኖ ሊረዳው ይገባል።