ጧሪና ቀባሪ በሐይቅና በአምባሰል

አማርኛችን «ጧሪና ቀባሪ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣምሮ ይናገራቸዋል። አረጋዊ ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ብሎ ሲያዝን፥ የሚያሳስበው የሞቱ ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለውም ዘመን ነው። እነዚህ ሁለት ተግባሮች በሐይቅና በአምባሰል እንዴት ተጣምረው እንደ ኖሩና እንዴት እንደ ተለያዩ መመልከት ይጠቅማል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስም ሆነ በሌሎች ገዳማት፥ የመነኰሳት ሥርዓት አረጋዊውን ከበኣቱ አያስወጣም፤ ደቀ መዝሙሩ ውኃ እየቀዳ፥ እንጨት እየለቀመ ያገለግለዋል። በባላገሩ ዘንድ ይህን የሚያጸናው ርስት ነበር። ልጅ ጐጆውን ካባቱ ደጅ ቀልሶ ያርሳል፤ እየጦረም ለመውረስ ይበቃል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ አዘዘ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ሕግ ግን፥ ስሙን «መጦር» ከሚለው ግሥ ቢወስድም፥ የመንግሥትን አገልጋይ እንጂ ገበሬውን አልደረሰም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ፥ ጭሰኛው ከባለርስት ቀንበር ተላቀቀ፤ ነገር ግን ልጅ መሬትን ካባቱ ሳይሆን ከገበሬ ማኅበር ይጠይቅ ጀመር። በዚህም የመጦር አንዱ ማሰሪያ ላላ።

የጐረቤት ረዳትነትስ? ወንፈል ጕልበትን በጕልበት የሚመልሱበት ነው፤ ደቦም የሚበላና የሚጠጣ ይፈልጋል። ስለዚህ ክንዱ የዛለ፥ ጐተራውም የጐደለ ሽማግሌ ከሁለቱም ይቀራል። ሳይላላ የኖረው የወሎ ቅሬ ነው። ቅሬ ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድነት ያሰባስባል፤ መቃብር ይቈፍራል፥ አስከሬን ይሸኛል፥ ለሐዘንተኛው ምግብ ያቀርባል፤ የቀረውንም አባል ይቀጣል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለመሥራት ለማይችሉ ችግረኛ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ሲሰጥ ቈይቷል፤ ሆኖም እህልና ገንዘብ የሚያፈስ ጣራ አይጠግኑም፥ ውኃም አይቀዱም።

እንግዲህ ቀባሪው ጸንቶ ሳለ ጧሪው ሳስቷል። ወጣቱም ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገር በሚሰደድበት በዛሬው ጊዜ ክፍተቱ ይሰፋል። ለቀብር አንድም ቤት ሳይቀር የሚያስወጣው ቅሬ፥ በዓመት አንድ ቀን ለአረጋውያን ጣራ፥ በሳምንት አንድ እንስራ ለቤታቸው ቢመድብ፥ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልገውም። ሽማግሌውም በተወለደበት ቀዬ፥ በገዛ ምድጃው አጠገብ ያረጃል። የነገው ቀባሪ ዛሬ ጧሪ ይሁን።